የመምህርት ሉዋን ነጠላ ሰረዞች

በሹዋንግሹ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የግራ እጅን ዘዴ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ እኔው ራሴ ብናገረው ይሻላል። ዘዴው ቀላል ነው። ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ታዛቢዎች መጥተው ከክፍሉ ጀርባ በርጩማ ላይ ሲደረደሩ መምህሩ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ልጆቹም አንድ ሳይቀሩ እጃቸውን ያወጣሉ። መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ቀኝ እጅ ብቻ እየመረጠ ይጠራል። ታዛቢው ከኋላ ሆኖ የሚያየው ሁሉም ልጅ ጎበዝ የሆነበትን ክፍል ነው። በዚህ ዘዴ ሰባት ዓመት ሙሉ ከወረዳው አንደኛ ስንወጣ ኖረናል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ስሜ ቺ ይባላል፣ ያኔ ታዲያ በዚህ ነገር ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ራሴ አይደለም። ስለ ሉዋን ዪንፌንግ ነው።

ሉዋን ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣችው ለአንድ መንፈቅ ነበር። የቋንቋ መምህርታችን ልትወልድ ስትል ምትክ ተፈለገና ገና ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ፣ የፊት መታጠቢያ ሳህኗን በእጇ አንጠልጥላ ከተራራው ወረደች። በቅጥር ወረቀቷ ላይ «ለአንድ መንፈቅ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። የወለደችው መምህርት ባሏ ከተማ ቤት ሠራላትና በዚያው ቀረች። ሉዋን ቀረች እዚህ። በየመንፈቁ አንድ ወረቀት ይመጣል፣ «ለአንድ መንፈቅ ብቻ» ይላል፣ እሷም ፈርማ በብስኩት ጣሳ ውስጥ ትከተዋለች። ይህ የምነግራችሁ ነገር የተጀመረ ጊዜ በጣሳው ውስጥ ሠላሳ ሰባት ወረቀት ነበር።

አጭር ናት፣ ወሬዋ ፈጣን ነው፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ባሏ በገደሉ ላይ እሾሃሙን የቅመም ዛፍ፣ ያንን ፍሬው ምላስ የሚያደነዝዘውን፣ ያለማል። ስለዚህ በነሐሴ ለቀማ ትወጣና መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት እጇ ሁሉ ተቧጭሮ፣ ጣቶቿ ቅመም ቅመም እየሸተቱ ትመጣለች። ደብተር አርማ ስትመልስ ልጆቹ ደብተሩን እያሸተቱ ያስነጥሳሉ። እኔም ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ ማስነጠሱን እሰማለሁ፣ ምክንያቱም በእሷ ሦስተኛ ክፍልና በእኔ አምስተኛ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ከወረቀት የተሻለ አልነበረም።

ሉዋን በሕይወቷ አንድ ጠላት ነበራት። እኛ መምህራን «አንድ ሰረዝ እስከ መጨረሻ» የምንለው በሽታ ነው። ልጁ ድርሰት ሲጽፍ «ጠዋት ተነሳሁ» ይልና ነጠላ ሰረዝ ያደርጋል። «አያቴ እሳት አነደደ» ሰረዝ፣ «ዶሮዋ አመለጠች» ሰረዝ፣ «ድንች በላሁ» ሰረዝ፣ «መሸ» ሰረዝ። በእኛ ጽሕፈት ዓረፍተ ነገር የምትዘጋው ትንሿ ክብ ምልክት የምትመጣው ገጹ ሲያልቅ፣ ያውም ቦታ ከተረፈ ነው። ሌላው ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ሰረዙን እንደ ጨው ይነሰንሰዋል፣ ቃል በቃል። ዝርዝር ስንጽፍ በዕቃዎቹ መካከል የምናደርጋትን ትንሿን የጠብታ ምልክትማ ያስታወሳትም የለ። ሌላው መምህር በቀይ እስክሪብቶ አርሞ ያልፋል። እኔ ብሆን አልፍ ነበር። ሉዋን ግን ሰረዝ ያለቦታው ስታይ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር የገባባት ያህል ነው የሚቆረቁራት።

መድኃኒቱን ራሷ ፈለሰፈችው። አንዱ ልጅ የሌላውን ድርሰት ይቀበልና ቆሞ ያነባል። ጠብታ ላይ ሲደርስ ራሱን ይነቀንቃል። ነጠላ ሰረዝ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል፣ ሌላ ቦታ መተንፈስ አይፈቀድም። ክቧ ላይ ሲደርስ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ይነሳል። የጻፈው ሌላ፣ የሚታፈነው ሌላ። ክፍሉ በሙሉ አብሮ የሚያነብበት ቀን ደግሞ አርባ አንድ ልጅ በአንድ ላይ ሲቀመጥ በርጩማው ድው! ይላል፣ የእኔ ጠመኔ ከሰሌዳው ጠርዝ ይወድቃል።

አንድ ቀን ግድግዳውን ደበደብኩት።

«አንቺ ሉዋን! ሰረዝ ነው የምታስተምሪው ስፖርት?»

«ሁለቱንም ነው፣ ወንድም ቺ! አንተም ናና ተነስ ቁጭ በል፣ ያ ሆድህ ትንሽ ይጎድልልሃል!»

የሁለታችንም ክፍል ሳቀ። የእኔዎቹማ ባሰባቸው።

በዚያ ዓመት በሦስተኛ ክፍል ታን ዶንግሜይ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናትና አባቷ እንደ ብዙው የመንደራችን ሰው ሁለት ቀን በባቡር ርቀው፣ ባሕር ዳር ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። ለአዲስ ዓመት ይመጣሉ ይባላል፤ ያለፈው ዓመት አልመጡም። የዶንግሜይ ድርሰት ከማንም የባሰ ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ፣ ሰረዝ እንኳ የሌለበት፣ ከላይ እስከ ታች የሚፈስ። ደብተሩ ለሌይ ደረሰው፣ ሌይ ወፈር ያለ፣ ሆደ ባሻ ልጅ ነው። አራት መስመር አነበበ፣ ፊቱ እንደ ቀይ ሽንኩርት ሆነ።

«መምህርት፣ ይቺ ልጅ ልትገድለኝ ነው!»

ሉዋን «በይ ራስሽ አንብቢው» አለቻት። ዶንግሜይ ተነሳች፣ ደረቷን ነፋች፣ ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ አንብባ ቁጭ አለች። ክፍሉ በጭብጨባ አቀለጠው። ሉዋን አላጨበጨበችም።

«ለምንድን ነው የማትተነፍሺው የኔ ልጅ?»

«ከተነፈስኩ እማዬ ትዘጋዋለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ እናቷ ወደ አዛውንቱ ማኦ ሱቅ ትደውላለች። ከኋላዋ የፋብሪካ ሰው ተሰልፎ ስልኩን ይጠብቃል። ልጅቱ ለመተንፈስ ዝም ባለች ቁጥር እናትየው ያለቀ እየመሰላት «በቃ ጎበዝ ልጅ፣ አያትሽን እርጂ፣ ቻው» ትልና ትዘጋለች። ስለዚህ ዶንግሜይ ሳትተነፍስ ማውራት ለመደች። እንደምታወራው ጻፈች።

ይህንን ሉዋን በመምህራን ክፍል ስትነግረኝ የያዘችው ኑድል ቀዝቅዞ ተጣብቋል። እኔ መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ። ልጅቱ አንጀቴን በላችው፣ ግን አንጀቴን እንደበላችው ለሰው ማሳየት አልወድም፣ ስለዚህ ተነስቼ ምድጃው ውስጥ ከሰል ጨመርኩ።

በማግስቱ ከግድግዳው ወዲያ የሉዋንን ድምፅ ሰማሁ። «እስከ ዛሬ ያልኳችሁን እርሱት» አለች። «ይህች ጭራ ያላት ነጠላ ሰረዝ፣ የእንቁራሪት ልጅ የምትሏት፣ ‹ቆዩኝ፣ አልጨረስኩም› ማለት ናት። ሰውን ስትጠሩ፣ ‹አያቴ› ብላችሁ ሰረዝ ታደርጋላችሁ፣ ገና የምትነግሩት አለና። ‹በረዶ ስለጣለ› ብላችሁ ሰረዝ ታደርጋላችሁ፣ በረዶ ስለጣለ ምን ሆነ? ሰሚው ይጠብቃል። ጠብታዋ ደግሞ ‹አትጋፉ፣ ተራ በተራ ሁላችሁም ትገባላችሁ› ናት፣ ለድንች፣ ለሽንኩርት፣ ለጎመን። ክቧ ‹ጨረስኩ፣ ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ› ናት። ክቧን ሳታዩ ማንም ሰው እንዳይዘጋባችሁ!» የዚያን ቀን ግድግዳውን አልደበደብኩም። የእኔም ልጆች ዝም ብለው ሲሰሙ ነበር።

ጥቅምት ላይ ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። ጊዜያዊ መምህራን ከዚህ መንፈቅ በኋላ በሙሉ ይሰናበታሉ። ከመካከላቸው የጽሑፍ ፈተና ያለፉና በታዛቢ ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምረው የተመረጡ አምስት ሰዎች ብቻ ቋሚ ይሆናሉ። በወረዳው ውስጥ ጊዜያዊ መምህራን አሥራ አራት ነበሩ። ሉዋን የጽሑፉን ፈተና አለፈች። የቀራት ያ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። አርባ ደቂቃ። እሱ ካልሆነ ጣሳዋን ይዛ ወደ እሾሃሙ ዛፍ መሄድ ነው፣ ሌላ ዕድል እንደሌለ ደብዳቤው በግልጽ ጽፎታል።

ርዕሰ መምህራችን ፌይ ወዲያው ሰበሰበን። ምን ልታስተምሪ አሰብሽ ሲላት «ነጠላ ሰረዝ» አለች።

«ምነው፣ ሌላ ርዕስ ጠፋ? ስለ ፀደይ አስተምሪ! ስለ እናት አስተምሪ! ታዛቢው መሐረብ የሚያወጣበት ነገር አምጪ እንጂ!»

«እኔ የምችለው ይህንን ነው፣ ርዕሰ መምህር።»

ጥያቄና መልሱ ተጻፈ፣ ልጆቹ ሸመደዱት፣ ስድስት ጊዜ ተለማመዱት። እጅ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ከትምህርት በኋላ አስቀርቼ «ቀኝ! ግራ! የማያውቅ የቱን ነው? ግራ ደግሞ ይጠራል?» እላለሁ፣ እነሱም «አይጠራም!» ብለው ይጮኻሉ። ሉዋን በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ወንድም ቺ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው ትላለህ?»

«ልክ ነው አይደለም እያልሽ አታድርቂኝ። መጀመሪያ ቋሚ ሁኚ፣ ከዚያ ልክ የሆነውን እስክትሸብቺ ታስተምሪያለሽ።»

እውነቱን ለመናገር እሺም አላለችኝም፣ እምቢም አላለችኝም። ምን ታድርግ? አሥራ ዘጠነኛ ዓመቷ ነው።

የታዛቢው ቀን የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። ሰባት ታዛቢዎች መጡ፣ ክዳን ያለው የሻይ ኩባያ ሰጠናቸው፣ ምድጃው አጠገብ አስቀመጥናቸው። አለቃቸው ሱፐርቫይዘር ሃን ይባላሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ስልሳ የሚጠጉ ሴት ናቸው። ፊታቸው አይነበብም። ፌይና እኔ ከእነሱ ጎን ተቀመጥን።

ሩብ ሰዓት ያህል ሁሉም ነገር እንደ ተለማመድነው ሄደ። ሉዋን ትጠይቃለች፣ አርባ አንድ እጅ ይወጣል፣ ቀኝ ትጠራለች፣ መልሱ ልክ ይሆናል። ታዛቢዎቹ ይጽፋሉ። ፌይ ጉልበቴን በጉልበቱ ጎሸም አደረገኝ፣ ደስታ ነው። ከዚያ ሉዋን ዞር አለችና በልምምዱ ያልነበረ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦

እናቴ ደወለች አያቴ ከማሳ አልተመለሰም ነበር ስልኩን ብቻዬን አነሳሁ ብዙ ነገር ነገርኳት

«‹ቆዩኝ› የምንለው የት ላይ ነው?» አለች፣ መዳፏን ወደ ልጆቹ አንስታ። «‹ጨረስኩ› የምንለውስ?»

ፌይ አየኝ። እኔም አየሁት። ልጆቹ ግን የለመዱትን አልረሱም፣ አርባ አንዱም እጅ ቀጥ ብሎ ወጣ። ታዛቢዎቹ ጎንበስ ብለው መጻፍ ጀመሩ። እኔ በልቤ ቆጠርኩ፦ ቀኝ አምስት። ሠላሳ ስድስቱ ግራ ነው። ከአምስቱ አንዱን ጥሪና ገላግይን እያልኩ በሆዴ ለመንኳት።

በኋላ ምን እንዳየች ነግራኛለች። «ከኋላ ሆነህ ስታየው እጅ ነው፣ ወንድም ቺ» አለችኝ። «ከፊት ሲታይ ሌላ ነው። ሌላ ጊዜ ያልገባው ልጅ አንገቱን ይደፋል፣ እኔም አላየውም። ያን ቀን ሠላሳ ስድስት ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየ አልገባኝም አለኝ። እንዴት ብዬ ልለፈው?»

«ታን ዶንግሜይ» ብላ ጠራች።

ዶንግሜይ ተነሳች። እጇን አላወረደችም። እጇን አየች፣ ዞር ብላ እኔን አየች፣ ሉዋንን አየች።

«መምህርት፣ ግራዬ እኮ ነው!»

«አይቻለሁ።»

«ግራ አይጠራም ብለዋል እኮ መምህር ቺ!»

የሰባቱም እስክሪብቶ ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሱፐርቫይዘር ሃን መነጽራቸውን አደረጉና «ግራ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ፌይ ምድጃውን አየ፣ እኔም ምድጃውን አየሁ። ያ ሌይ ግን ሰው ሲቸገር ማየት አይችልም።

«ግራ ማለት አላውቅም ማለት ነው፣ እትዬ» አለ በትሕትና።

ሉዋን ጠመኔ መስላለች። አለቀላት አልኩ በልቤ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሌይ አፍ ተበላ። እሷ ግን ጠመኔውን አስቀመጠች፣ መዳፏን ሱሪዋ ላይ ጠረገች፣ ወደ ልጆቹ ዞረች።

«እጃችሁን አታውርዱ። ግራ ያወጣችሁ፣ የዛሬው ትምህርት የእናንተ ነው። ቀኝ ያወጣችሁ፣ ሂዱና ከግራዎቹ መካከል ተከፋፍላችሁ ተቀመጡ። ዶንግሜይ፣ እንዳለ አንብቢልን። አትቸኩዪ፣ ማንም አይዘጋብሽም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በየትኛውም የትምህርት ዕቅድ ውስጥ አይገኝም። ልጅ ይነሳል፣ ልጅ ይቀመጣል፣ በርጩማ ይንኳኳል፣ አንዱ «እዚህ ላይ ቁጭ ካልኩ አያቴ ማሳ ላይ ቀረ ማለት ነው!» ብሎ ይከራከራል፣ ሌላው ሰረዙን አጥፍቶ ሌላ ቦታ ያደርጋል። የአንዱ ታዛቢ ኩባያ ተደፋ። ዶንግሜይ ሰሌዳው ጋ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ በሦስተኛው ጠመኔውን አንስታ «እናቴ ደወለች» ከሚለው ኋላ ጭራ ያላትን ነጥብ በትልቁ ሣለች። ከዚያ አነበበች። «እናቴ ደወለች» አለችና ተነፈሰች፣ እስከ ኋላ የሚሰማ ትንፋሽ። «አያቴ ከማሳ አልተመለሰም ነበር» አለችና ቁጭ አለች። በጣም ስለቆየች ተወችው ብለን ነበር። ተነሳችና ቀጠለች። ደወሉ ሲደወል ሉዋን ገና ለመጨረሻው ጥግ ልጆች እያስረዳች ነበር፣ ማጠቃለያ የሚባል ነገር አልነበረም።

በመምህራን ክፍል ስብሰባ ተቀመጥን። ሱፐርቫይዘር ሃን ደብተራቸውን ከፈቱ።

«ይህንን የእጅ ነገር ያመጣው ማን ነው?»

ፌይ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ መምህርት ሉዋን ካለባት ጭንቀት የተነሳ ምናልባት…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ምን እንዳሰበ ገባኝ። እሷ ጊዜያዊ ናት፣ ብትሄድም ያው መሄዷ ነው፣ ጥፋቱን ይዛልን ትሂድ። ሉዋን በረዶ ያራሰውን ጫማዋን ነበር የምታየው።

በዚያ ዓመት የእኔ የደረጃ ዕድገት ወረቀት ወረዳ ነበር። ለጡረታ የቀሩኝ አራት ዓመታት ናቸው፣ ያ ዕድገት ካለፈኝ ሌላ የለም። ይህን ሁሉ አሰብኩት፣ ጀግና ነኝ አልላችሁም። ከዚያ እጄን አወጣሁ። አስቤ አይደለም፣ የወጣው ግራው ነው።

«መምህር ቺ፣ ግራ ነው ያወጡት» አሉኝ ሱፐርቫይዘሯ።

«አዎ። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ሰባት ዓመት ሆነኝ። እሷማ ‹ልክ ነው ትላለህ?› ብላ ጠይቃኝ ነበር። አሁን ምን እንደሚደረግ ስለማላውቅ ግራዬን አወጣሁ።»

አንዱ ታዛቢ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ ትን አለው። ሱፐርቫይዘር ሃን አልሳቁም። ረጅም ነገር ጻፉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ስንት ዓመት ነው ከኋላ ተቀምጬ እጅ ስቆጥር የኖርኩት!» አሉ፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም፣ ተነስተው ወጡ።

ዕድገቴ ቀረ። ለፌይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ከለከለኝ። ስለ ሉዋን ግን ምንም አልተሰማም። ታኅሣሥ አለፈ። ሠላሳ ሰባተኛዋ ወረቀት ጊዜዋ አለቀ፣ ሠላሳ ስምንተኛዋ አልመጣችም። እሷ በየቀኑ እየመጣች ያለ ወረቀት ታስተምራለች። ሰው ሲጠይቃት «እስኪያባርሩኝ ድረስ» ትላለች። ባሏ ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ ካለችው የመኖሪያ ክፍሏ ዕቃዋን ሊጭን በአህያ ጋሪ መጥቶ፣ እሷ ተቆጥታ ባዶ ጋሪውን እንደሰደደችው አይቻለሁ።

አንድ እሑድ ኮምጣጤ ልገዛ ማኦ ሱቅ ገባሁ። ዶንግሜይ በርጩማ ላይ ቆማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች።

«እማዬ» አለችና በደንብ ተነፈሰች።

ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል። «እሺ ጎበዝ፣ ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም! ዝም ስል ሰረዝ ነው፣ እንዳትዘጊው። ክቧ ላይ ስደርስ እነግርሻለሁ።»

በዚያኛው ጫፍ የፋብሪካው ሰው ጫጫታ ይሰማል። እናትየው «እሺ የኔ እናት፣ ቆይቻለሁ» አለች። ዶንግሜይ ዶሮዋን አወራች፣ የአያቷን ጉልበት አወራች፣ ሌይን አወራች፣ በየመካከሉ አየሩን እየሳበች፣ አንዳንዴም ዝም ብላ ግድግዳውን እያየች። ሲበቃት «ክብ!» ብላ ጮኸችና ራሷ ዘጋችው። እኔ ኮምጣጤዬን ይዤ አለቀስኩ። ማኦ አየኝ፣ ምንም አላለኝም፣ ደግ ሰው ነው።

ለአዲስ ዓመት በዓል ልንዘጋ አራት ቀን ሲቀረን፣ ጠዋት እያስተማርኩ በመስኮት ሳይ ፌይ በረዶውን እየረገጠ ግቢውን በሩጫ ሲያቋርጥ አየሁት። እጁ ላይ ወረቀት አለ። ልጆቼን «ገጽ ሃምሳ፣ ሁሉንም ሥሩ!» ብዬ ወጣሁ።

ፌይ የሦስተኛ ክፍልን መስኮት በጣቱ ያንኳኳል። ሉዋን ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገር ግማሽ አድርሳለች። ዞር ብላ አየችው፣ ወረቀቱንም አየች፣ ምን እንደሆነ የሚጠፋት አይመስለኝም። መዳፏን አነሳችበት፣ ለልጆቹ ‹ቆዩኝ› ስትል የምታሳየውን ያንኑ ምልክት፣ ቆየኝ፣ አልጨረስኩም። ከዚያ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች።

የፌይ ጣት በአየር ላይ ቀረ። አጠገቡ ሄድኩ።

«ምን ይላል?»

ሳያየኝ ወረቀቱን ሰጠኝ። ቀይ ማኅተም አለበት። አምስት ስም ነው የተጻፈው፣ ሦስተኛው ሉዋን ዪንፌንግ ይላል። ከስሟ ጎን «ቋሚ» ይላል። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት፣ «ለአንድ መንፈቅ ብቻ» የሚል የትም የለም። ሁለተኛ ላነብ ስል ዓይኔ አላሳይ አለኝ፣ በረዶም ይጥል ነበር።

ከክፍል እንደተባረሩ ልጆች ሁለታችንም መስኮቱ ሥር ቆምን። ከስድስት ሳምንት ወዲህ አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። ውስጥ አርባ አንዱም ልጅ በአንድ ድምፅ አነበበ፣ ተነፈሰ፣ አነበበ፣ ከዚያ በርጩማው ሁሉ ድው! አለ። ፌይ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ወደ በሩ ሄደ። እኔ ክንዱን ያዝኩት፤ ከውስጥ ልጆቹ እንደገና ሲነሱ ይሰማል።

«አልጨረሰችም» አልኩት።

የኮቱን ኮሌታ ወደ ላይ አነሳ። «እሺ፣ እንጠብቃት» አለኝ።